ጣሪያው የማን ነው? የተከራይ መብትና የጥገና ግዴታ በሐረር

የመኖሪያ ቤት ጥያቄ በአብዛኛው የሚነሣው ከኪራይ ልክ ጋር ተያይዞ ነው። ተከራዩ ስንት ይከፍላል? አከራዩስ ስንት ይጨምራል? የሚሉት ጥያቄዎች በየውይይቱ ከሁሉ ቀድመው ይሰማሉ። ነገር ግን ኪራዩ ከተወሰነ፣ ውሉ ከተፈረመና ቁልፉ ከተረከበ በኋላ የሚመጣ ሌላ ጥያቄ አለ። ይኸውም ጣሪያው ሲያፈስና ግድግዳው ሲሰነጠቅ ማን ይጠግናል? መቼስ ይጠግናል? የሚለው ነው። የመጀመሪያውን ጥያቄ ሕግ መልሶታል። ሁለተኛውን ግን በሐረር ከተማ፣ በተለይም በጁገል ግንብ ውስጥ ለሚኖረው ተከራይ፣ በአጥጋቢ ሁኔታ የመለሰለት የለም። «እንጠግናለን» የሚል አከራይ ሞልቷል፤ «በዚህ ወር እንጠግናለን» የሚል ግን ጥቂት ነው። በእነዚህ በሁለቱ አነጋገሮች መካከል ያለው ልዩነት የቤቱን ሕይወት የሚወስን መሆኑን ማሳየት የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ነው።

ማንኛውም መብት ከቆመበት ተጨባጭ ሁኔታ ተነጥሎ ሲታይ ባዶ ቃል ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ አስቀድሞ ቤቱን እንመልከት። ጁገል 48 ሔክታር በሚሆን ቦታ ላይ የተሠራ፣ ኤሚር ኑር ኢብን ሙጃሂድ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ባሳነጹትና ርዝመቱ ሦስት ኪሎ ሜትር ተኩል ግድም በሚሆን ግንብ የተከበበ፣ አምስት ጥንታዊ በሮች ያሉት ከተማ ነው። በዚህች ጠባብ ቦታ ውስጥ 82 መስጊዶችና እጅግ ብዙ መኖሪያ ቤቶች ትከሻ ለትከሻ ተደጋግፈው ቆመዋል። የሐረሪ ቤት ግድግዳ ሃሺ ከሚባለው የአካባቢው ድንጋይ በጭቃ የተገነባና ፊቱ በኖራ የተቀባ ነው። ጣሪያው ጠፍጣፋ ነው። በወራጆቹ ላይ እንጨት ይረበረባል፤ በእንጨቱ ላይ አፈር ይደለደላል፤ አፈሩም ተጠቅጥቆ ይጠብቃል። በውስጡ ደረጃ በደረጃ የሚወጣባቸው ነደባዎች፣ በግድግዳው ላይ የዕቃ ማስቀመጫ መስኮቶች አሉ። ሐረር በ1879 ዓ.ም. በምኒልክ ሠራዊት ከተያዘች በኋላ የገቡት የህንድ ነጋዴዎች ደግሞ ፎቅና በረንዳ ያለው ቤት አስከተሉ። ዛሬ በብዙዎቹ ጣሪያዎች ላይ ቆርቆሮ ተጭኖባቸዋል።

እንዲህ ያለው ቤት ጥንካሬው የሚያስደንቅ ነው፤ ለዘመናት የቆመው በከንቱ አይደለም። ይሁን እንጂ ጥንካሬው አንድ ቅድመ ሁኔታ አለው። ጣሪያው በየዓመቱ መታየት፣ የተሰነጠቀው መደፈን፣ የሳሳው አፈር መሞላት፣ የውኃ መውረጃው መጠረግ አለበት። ይህ ከተቋረጠ ውኃው አፈሩን ዘልቆ የወራጁን ጫፍ ያረጥበዋል። ግድግዳው ውስጥ የተቀበረው የወራጅ ጫፍ ከውጭ ስለማይታይ መበስበሱን የሚያውቅ የለም። ከዚያም ውኃው ድንጋዩን ከድንጋይ ያያያዘውን ጭቃ እያጠበ ያወርደዋል፤ ግድግዳው ሆዱን ይነፋል፤ አንድ ቀን ድንጋዩ ይናዳል። በመጀመሪያው ዓመት በጥቂት ቁና አፈርና በአንድ ቀን ሥራ ይደፈን የነበረው ቀዳዳ በሦስተኛው ዓመት ግንበኛ፣ እንጨትና ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ፍርስራሽ ይሆናል።

የዝናቡም ጠባይ መታወቅ አለበት። ሐረርጌ ሁለት ዝናብ ይዘንብበታል፦ ከመጋቢት እስከ ግንቦት የበልጉ፣ ከሰኔ መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ የክረምቱ። እርጥብ አፈር የሚደርቅበትና ጣሪያ የሚከፈትበት ዋነኛው ጊዜ ከጥቅምት እስከ የካቲት ያለው በጋ ነው። እንግዲህ በመስከረም ጣሪያው ሲያንጠባጥብ አይቶ በጥቅምት ያመለከተን አንድ ተከራይ እናስብ። ማመልከቻው ተመዘገበ። በኅዳር «ባለሙያ ይላካል» ተባለ። በታኅሣሥ ባለሙያው መጥቶ አየና ሄደ። በጥር በጀት ተጠየቀ። በየካቲት ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው። በመጋቢት ዝናቡ ወረደ። ከዚህ በኋላ ማንም ጣሪያውን መክፈት አይችልም። በወረቀቱ ላይ ግን «በመታየት ላይ ያለ» የሚል ተጽፎበታል። አከራዩ እንቢ አላለም፤ ዘገየ ብቻ! በሐረር ከየካቲት ያለፈ ጥገና እንቢ ከተባለ ጥገና በምንም የማይለይ መሆኑን ግን ማንኛውም የቢሮ መዝገብ አያሳይም።

ይህ የሆነበት ምክንያት በአንድ ኃላፊ ስንፍና ብቻ የሚገለጽ አይደለም። ሥሩ በቤት ይዞታው ታሪክ ውስጥ ይገኛል። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ንብረት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47/1967 የኢትዮጵያን ከተሞች የአከራይና የተከራይ ግንኙነት ከመሠረቱ ለወጠው። አንድ ቤተሰብ ከአንድ መኖሪያ ቤት በላይ እንዳይኖረው ተደረገ፤ ቤት አከራይቶ በኪራይ ገቢ መኖር ተከለከለ። ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሆኑ ቤቶች በከተማ ነዋሪዎች ማኅበር፣ ማለት በቀበሌ እጅ ገቡ፤ ከዚያ በላይ የሆኑት ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ተሰጡ። አነስተኛ ኪራይ ይከፍል ለነበረው ነዋሪ ኪራዩ ከ15 እስከ 50 በመቶ ተቀነሰለት። በየወሩ መጨረሻ የአከራይ ጥሪ ሲያስደነግጠው ለኖረው ሠርቶ አደር ይህ ታላቅ እፎይታ ነበር። በጁገልም ውስጥ ትርፍ የተባሉ ቤቶች ወደ ቀበሌ ይዞታ ገቡ፤ አንድ ቤተሰብ ይኖርበት በነበረው ግቢ ብዙ ጊዜ ሁለትና ሦስት ቤተሰብ ተጠጋበት።

እፎይታው እውነተኛ እንደነበረ ሁሉ የቀረውም ጉድለት እውነተኛ ነበር። አዋጁ ቀበሌው ከሚሰበስበው ኪራይ አነስተኛ ቤቶችን እንዲሠራና የነዋሪውን ኑሮ እንዲያሻሽል ሥልጣን ሰጠው። ነገር ግን ኪራዩ ሲቀነስ በውስጡ የነበረው የአከራዩ ትርፍ ብቻ አልነበረም የተቀነሰው። የጣሪያው አፈር፣ የግድግዳው ኖራና የግንበኛው የቀን ዋጋም አብሮ ተቀነሰ። በብር ልክ የተቸነከረው ኪራይ ለአሥርት ዓመታት ባለበት ሲቆም የእንጨቱና የቆርቆሮው ዋጋ ግን አልቆመም። በዚህ ሁኔታ ቀበሌው የሚሰበስበው ኪራይ ቤቶቹን ለማቆም የማይበቃ ሆነ። የበዝባዡ አከራይ ስም ከደረሰኙ ላይ ተፋቀ፤ የሚያፈሰው ጣሪያ ግን በቦታው ቀረ። ቅራኔው አልተፈታም፤ መልኩን ለውጦ ቀጠለ እንጂ።

ይህ በእኛ አገር ብቻ የታየ አይደለም። በምሥራቅ ጀርመን የቤት ኪራይ በ1936 እ.ኤ.አ. በነበረው ልክ ታግዶ ለአሥርት ዓመታት ሲቆይ ኪራዩ ለሠራተኛው ቤተሰብ ቀላል ነበር። የላይፕሲግና የሃሌ አሮጌ ሰፈሮች ግን ጣሪያቸው እየተበሳ፣ ልስናቸው እየተላቀቀ ሄደ፤ መንግሥት ገንዘቡን ያፈሰሰው ከከተማ ዳር በሚተከሉ አዳዲስ የኮንክሪት ሕንፃዎች ላይ ነበርና። ርካሽ ኪራይ በጎ ነገር መሆኑን ማንም አይክድም። ለጥገና የሚሆን ገንዘብ ከሌላ ምንጭ ያልተመደበለት ርካሽ ኪራይ ግን ቤቱን ራሱን በጥቂት በጥቂቱ እየበላ የሚኖር ነው። ተከራዩ ያተረፈ እየመሰለው ከራሱ ጣሪያ ላይ ይበደራል።

በቀበሌ ቤት ረገድ ሌላም ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ተከራዩ የማኅበሩ አባል ነበር፤ ማኅበሩም አከራይ ነበር። ስለዚህ «ለምን አልተጠገነልኝም?» ብሎ የጠየቀ ሰው ብዙ ጊዜ ያገኘው መልስ «ቤቱ የሕዝብ ነው፤ አንተም ሕዝብ ነህ» የሚል ነበር። ይህ አነጋገር ላይ ላዩን ሲታይ ትክክል ይመስላል። በተግባር ግን ኪራይ ሰብሳቢውን ከግዴታው ነፃ የሚያወጣ፣ ከፋዩን ደግሞ ከመብቱ የሚያራቁት ዘዴ ነው። ቤቱ የሕዝብ መሆኑ ጥገናውን የሚጠይቅ የለም ማለት ሊሆን አይችልም። እንዲያውም የሕዝብ ንብረት ሲፈርስ ተጠያቂው ከአንድ ሰው በላይ መሆን ይገባው ነበር። ዝቅተኛ ኪራይ የሚከፍል ተከራይ ምጽዋት ተቀባይ አይደለም፤ የታዘዘለትን የከፈለ ባለ ውል ነው።

በዚህም ምክንያት ብዙው ተከራይ ዝም ብሎ በራሱ ኪስ መጠገን ጀመረ። ቀዳዳውን በሸራ ሸፈነ፤ ሲቻለው ቆርቆሮ ገዝቶ አለበሰ፤ ግድግዳውን በሲሚንቶ ለሰነ። ይህን ያደረገውን ሰው ልንወቅሰው አንችልም፤ ልጆቹ ከታች ተኝተዋልና። ሆኖም ሁለት ጉዳት ተከተለ። አንደኛው በቤቱ ላይ የደረሰ ነው። በጭቃ የተገነባ ግድግዳ በሲሚንቶ ሲታፈን እርጥበቱ መውጫ ያጣል፤ ከቆርቆሮው በአንድ በኩል የሚወርደው ውኃም ቀድሞ ደርቆ የኖረውን የጎረቤት ግድግዳ ይመታል። ሁለተኛው በመብቱ ላይ የደረሰ ነው። ሳያስታውቅ፣ ደረሰኝ ሳይዝና ፈቃድ ሳይጠይቅ የጠገነ ተከራይ ወጪውን ለማስመለስ የሚያቀርበው ማስረጃ የለውም። ይባስ ብሎም «ቤቱን ያለ ፈቃድ ለወጥህ» ተብሎ ተከሳሽ የሚሆንበት ጊዜ አለ። አከራዩ ዘግይቶ፣ ተከራዩ ደክሞ፣ ጥፋተኛው በመጨረሻ ተከራዩ ሆኖ ይገኛል!

ከግንቡ ውጭ ባለው አዲሱ ከተማና በጁገልም ውስጥ በግል ይዞታ ባሉት ቤቶች ደግሞ የዝግመቱ ትርጉም ሌላ ነው። እዚህ አከራዩ የሚታወቅ ሰው ነው፤ አንዳንዴም ያው ግቢ ውስጥ የሚኖር፣ ከተከራዩ ጋር ቡና የሚጠጣና በአንድ እድር ወይም አፎቻ የሚገናኝ ጎረቤት ነው። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 በዚህ ግንኙነት ውስጥ ገብቷል። ውል በጽሑፍ ሆኖ በ30 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ፣ ዘመኑ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ፣ ጭማሪም ተቆጣጣሪው አካል በሚያሳውቀው ልክ ብቻ እንዲሆን ደንግጓል። ይህ ለተከራዩ ትልቅ ጋሻ ነው። ነገር ግን አንድ አደጋ ሊታየን ይገባል። እንደ ልቡ ኪራይ መጨመር ያልቻለና ተከራዩን ያለ ጊዜው ማስወጣት የተከለከለ አከራይ አንድ መሣሪያ ይቀረዋል፤ እርሱም ዝምታ ነው። ጣሪያው ያፍሳል፤ አከራዩ «እሺ» ይላል፤ ወራት ያልፋሉ፤ ተከራዩ በገዛ እግሩ ይወጣል። ያስወጣው ሰው የለም፤ ያስወጣው ዝናቡ ነው።

ይህን መሣሪያ ሌሎች አገሮች ቀደም ብለው አይተውታል። በ1915 እ.ኤ.አ. በስኮትላንድ በግላስጎ ከተማ የሠራተኛ ሚስቶችና እናቶች ተደራጅተው የኪራይ ጭማሪ አንከፍልም ባሉ ጊዜ የእንግሊዝ መንግሥት ኪራይን ጦርነቱ ከመጀመሩ በፊት በነበረው ልክ ለማገድ ተገደደ። ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ1920 እ.ኤ.አ.፣ ጭማሪ በተወሰነ መጠን ሲፈቀድ ሕጉ አንድ አንቀጽ ጨመረበት፦ ቤቱ በአግባቡ ያልተጠገነ ከሆነ ተከራዩ ፍርድ ቤት ቀርቦ ጭማሪው እንዲታገድለት መጠየቅ ይችላል። የዚህ ሐሳብ ጥንካሬ ቀላልነቱ ነው። አከራዩን አያስርም፤ ቤቱንም አይወርስም። ያልተጠገነ ቤት የተጠገነ ቤት ዋጋ እንዳያወጣ ብቻ ያደርጋል። በእኛም አገር ዓመታዊ የጭማሪ ልክ የሚያሳውቁት ተቆጣጣሪ አካላት ጭማሪውን ከጥገና ጋር ቢያያይዙት የአዋጁ ጋሻ ቀዳዳው በተደፈነ ነበር። ይህ የጸሐፊው አስተያየት ነው፤ የሐረር ነዋሪዎች በየስብሰባቸው ሊወያዩበት ይገባል።

እስከዚያው ድረስ ግን ተከራዩ ባዶ እጁን አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣውና እስካሁን የሚሠራው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለማይንቀሳቀስ ንብረት ኪራይና በተለይ ከቁጥር 2945 ጀምሮ ስለቤት ኪራይ ይናገራል። መሠረታዊው መርህ አከራዩ ቤቱን በደህና ሁኔታ ማስረከብ ብቻ ሳይሆን ኪራዩ እስኪያልቅ ድረስ በዚያው ሁኔታ የማቆየት ግዴታ ያለበት መሆኑ ነው። በር፣ መስኮት፣ ቧንቧና እነዚህን የመሳሰሉ ጥቃቅን ጥገናዎች የተከራዩ ናቸው፤ እነርሱም ቢሆኑ በእርጅና ወይም ከአቅም በላይ በሆነ ምክንያት ከተበላሹ የተከራዩ አይሆኑም። ወራጅ፣ ጣሪያና ግድግዳ ግን የአከራዩ ናቸው። ሕጉ «አከራይ» ሲል ደግሞ ግለሰብ ብቻ ማለቱ አይደለም።

ግዴታውን ያልፈጸመን ወገን ለመጠየቅ ሕጉ በቁጥር 1772 የሚፈልገው የመጀመሪያ እርምጃ ማስጠንቀቂያ ነው። በቡና ሰዓት የተነገረ ቅሬታ በችሎት ፊት ነፋስ ነው፤ ቀን ያለውና ተቀባዩ የፈረመበት ጽሑፍ ግን ምስክር ነው። ማስጠንቀቂያው ተሰጥቶ አከራዩ ዝም ካለ በቁጥር 1777 መሠረት ተከራዩ ሥራውን ራሱ እንዲያሠራና ወጪው በአከራዩ ላይ እንዲሆን ፍርድ ቤት እንዲፈቅድለት መጠየቅ ይችላል። ቅደም ተከተሉ መጠበቅ አለበት፦ መጀመሪያ ማስጠንቀቂያ፣ ከዚያ ፈቃድ፣ ከዚያ ግንበኛ። በተግባር ግን ተከራዩ የሚጀምረው ከግንበኛው ነው፤ የሚሸነፈውም በዚሁ ነው። ኪራዩን በገዛ ሥልጣን ማቋረጥም እንዲሁ አደገኛ ነው፤ አከራዩ ሲፈልገው የነበረውን የማስወጫ ምክንያት በእጁ ይሰጠዋልና።

በጁገል ውስጥ አንድ ተጨማሪ በር መንኳኳት አለበት። ጁገል በሐምሌ 1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ደግሞ ቅርስ ከመጠገኑ በፊት የሚመለከተው ባለሥልጣን ፈቃድ እንዲገኝ ያዝዛል። ዓላማው ተገቢ ነው፤ ያለ ቁጥጥር ቢለቀቅ ኖሮ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ጁገል የብሎኬት መንደር በሆነ ነበር። ነገር ግን የዘገየ አከራይ ከሁሉ የበለጠ የሚወደው ሰበብ ይኸው ሆኗል። «ፈቃድ እየጠበቅን ነው» ይላል። ፈቃዱን ማን ጠየቀ? መቼ ጠየቀ? በስንት ቁጥር ደብዳቤ? ተብሎ ሲጠየቅ ግን መልስ ይጠፋል። ፈቃድ መጠየቅ የባለቤቱ ሥራ እንጂ የተከራዩ ሸክም አይደለም። ሌላው ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ይኸው አዋጅ የጥገናው ወጪ ከባለቤቱ አቅም በላይ ሲሆን መንግሥት ከወጪው ከፊሉን የሚሸፍንበትን በር የከፈተ መሆኑ ነው። ስለዚህ «አቅም የለኝም» የሚለው መልስ የሚያልቀው እዚህ አይደለም፤ አቅም የሌለው ባለቤት ማመልከት አለበት።

ቅርሱ ግንቡና ሚናራው ብቻ እንዳልሆነም መታወቅ አለበት። ፍሬደሪክ ኤንግልስ በ1872 እ.ኤ.አ. ስለ መኖሪያ ቤት ጥያቄ በጻፋቸው ጽሑፎች የጊዜው ሹማምንት የድሆችን ሰፈር እያፈረሱ ችግሩን ከአንዱ ቦታ ወደ ሌላው ከማዛወር በቀር እንደማይፈቱት አሳይቷል። ያፈሰሰው ቤት በጊዜው ሳይጠገን ቀርቶ «ለሕይወት አስጊ ነው» ሲባል ተከራዩ ከግንቡ ውጭ ይሰደዳል፤ ከዚያ በኋላ ገንዘብ ተገኝቶ ቤቱ ቢታደስ የሚገባበት ሌላ ሰው ነው። ቤቱ ተረፈ፤ ነዋሪው ጠፋ።

እዚህ ላይ የጁገል ቤቶች አሠራር ራሱ ለተከራዩ የሚያግዝበት መንገድ አለ። የአንዱ ግድግዳ የሌላው ግድግዳ ነው፤ በአንዱ ጣሪያ የገባው ውኃ ከሁለት ዓመት በኋላ በሌላው ነደባ ላይ ይወጣል። ስለዚህ ማመልከቻው የአንድ ሰው መሆን የለበትም። የአንድ ግቢ ነዋሪዎች የግል አከራይ ያለውም የቀበሌ ተከራይ የሆነውም በአንድ ወረቀት ላይ ሲፈርሙ ጉዳዩ የአንድ «አስቸጋሪ ተከራይ» መሆኑ ይቀራል። አፎቻውና እድሩ ለሠርግና ለለቅሶ ሰው የሚያሰባስቡበት ችሎታ ለዚህም ያገለግላል፤ ጣሪያ ሲደፈን እጅ ይበዛ የነበረው በዚሁ ልማድ ነበር። የሥራው ጊዜ ሲወሰን የውኃው ነገርም ይታሰብ። የሐረማያ ሐይቅ በ1990ዎቹ ዓመታት መጨረሻ ከደረቀ ወዲህ ሐረር ውኃዋን ከሩቅ ከድሬዳዋ አካባቢ የምትስብ ከተማ ሆናለች፤ ጭቃ ደግሞ ያለ ውኃ አይቦካም። በቧንቧ ተራ የሚኖር ሰፈር ለግንበኛው በርሜል ማጠራቀም የሚጀምረው ከሳምንታት አስቀድሞ ነው።

እንግዲህ ማስጠንቀቂያው የሚጻፈው የመስከረሙ ዝናብ ጣሪያው የት የት ላይ እንደሚያፈስ ካሳየ በኋላ በጥቅምት የመጀመሪያ ሳምንት ነው። የቤቱ ቁጥር፣ የፈሰሰበት ክፍል፣ የተነሣው ፎቶግራፍና የጎረቤቶቹ ፊርማ ይገባበታል። ከሁሉም በላይ ግን አከራዩ የቅርስ ፈቃድ የሚጠይቅበትን ቀንና ሥራው የሚጀመርበትን ቀን ለይቶ ይጠቅሳል፤ ይህም ቀን ከታኅሣሥ እንዳያልፍ ይሁን። አንዱ ቅጂ ለአከራዩ ወይም ለቀበሌው፣ አንዱ ለቅርስ ጥበቃ ቢሮው ይሰጣል፤ የመዝገብ ክፍሉ ማኅተም ያረፈበት ሦስተኛው ቅጂ ዝናብ በማይደርስበት ቦታ በተከራዩ እጅ ይቀመጣል።